ያልተነሣ ፎቶ

በአማርኛ ፎቶ ይነሣል፤ ፊልም ይታጠባል። «ማንሣት» የካሜራው ሥራ ነው፤ በአደባባይ፣ በፀሐይ፣ ሰው ፀጉሩን አስተካክሎ፣ ትንፋሹን ውጦ ቆሞ የሚከናወን። «ማጠብ» ግን በር ተዘግቶ በጨለማ ክፍል ውስጥ የሚሠራ የሳፋና የውኃ ሥራ ነው። ሠርጉን ያነሣለትን ሰው የማያስታውስ የለም፤ ያጠበለትን የሚያስታውስ ግን ጥቂት ነው። ቋንቋችን ግን አጣቢውን አልረሳውም። ፎቶ በዐይን ብቻ ሳይሆን በእጥበትም እንደሚወለድ በአንዲት ቃል ይዞ አቆይቶልናል።

ዛሬ ላወጋችሁ የፈለግሁት ጨርሶ ሳይነሣ ስለታጠበ ፎቶ ነው። ካሜራ አልነካውም፤ ሌንስም ፊልምም የለውም። ያለው ወረቀት፣ ብርሃንና ሁለት ሳፋ ኬሚካል ብቻ ነው።

አሠራሩ ሲነገር ቀላል ነው። የፎቶ ወረቀት ላዩ በጄላቲን የተለበጠ ነው፤ በጄላቲኑ ውስጥ የብር ጨው ተበትኗል። ብር ስል የምንገበያይበትን ሳይሆን አንጥረኛው የሚያቀልጠውን ማለቴ ነው። ይህ ጨው ብርሃን ሲያገኘው ለዐይን የማይታይ ለውጥ ይደርስበታል፤ ዴቨሎፐር በሚባለው ኬሚካል ሲነከር ያ የተለወጠው ክፍል ጥቁር ብር ይሆናል። ብርሃን ያላገኘው ነጭ እንደሆነ ይቀራል፤ በፎቶ ቤቶች ልማድ «ሃይፖ» የሚባለው ሁለተኛው ኬሚካል የተረፈውን ጨው አሟሙቶ ያወጣና ምስሉን ያጸናል። እንግዲህ በጨለማ ውስጥ አንድ ቅጠል ወረቀቱ ላይ አኑራችሁ፣ መብራቱን ለጥቂት ሰከንድ አብርታችሁ ብታጠፉት፣ ወረቀቱ ሲታጠብ ቅጠሉ የነበረበት ቦታ ነጭ፣ ሌላው ሁሉ ጥቁር ሆኖ ይወጣል። ፎቶግራም ይሉታል።

ነገሩ ከካሜራ ፎቶ ጋር እኩያ ነው። እንግሊዛዊው ዊሊያም ሄንሪ ፎክስ ታልቦት እ.ኤ.አ. በ1834 በብር ጨው የተነከረ ወረቀት ላይ ቅጠልና ዳንቴል እያኖረ ፀሐይ ላይ ማስጣት ጀመረ። ችግሩ ምስሉ አለመጽናቱ ነበር፤ ብርሃን የሠራውን ብርሃን መልሶ ያጠቁረዋል። ሰር ጆን ኸርሽል ሃይፖ የብር ጨውን እንደሚያሟሟ በ1819 ደርሶበት ስለነበር፣ በ1839 ለወዳጁ ለታልቦት መፍትሔው ከእርሱ ዘንድ ተገኘ። በ1843 አና አትኪንስ የባሕር ውስጥ አልጌዎችን በብርሃን ብቻ እያተመች በፎቶ የተደገፈ የመጀመሪያውን መጽሐፍ ማውጣት ጀመረች። በ1920ዎቹ ደግሞ ማን ሬይ በፓሪስ፣ ሞሆይ ናጂ በጀርመን ቁልፉንም ምንጩንም ወረቀት ላይ እየበተኑ ይህንኑ ጥበብ አደሱት።

ከእነዚህ ሁሉ እኔን የያዘኝ የታልቦት ዳንቴል ነው። የምኖረው ጉለሌ፣ ከሽሮ ሜዳ ብዙ በማይርቅ መንደር ነው። እዚህ ጠዋት ከቤት ስትወጡ የምትሰሙት የሸማኔ መወርወሪያ ድምፅ ነው፤ በመንገዱ ግራና ቀኝ የተሰቀለው ነጠላና ጋቢ ነፋስ ሲነካው ፀሐይዋን ያጣራታል። ብርሃን በክር መካከል እንዴት እንደሚያልፍ ለማየት እንግሊዝ አገር መሄድ አያስፈልገኝም ነበር። የሚያስፈልገኝ ወረቀቱ ነበር፤ እርሱም በአጎቴ በኩል መጣ።

አጎቴ የእናቴ ታላቅ ወንድም ነው። ፒያሳ ከነበሩት ፎቶ ቤቶች በአንዱ ከሠላሳ ዓመት በላይ ሠርቷል፤ አንሺ ሳይሆን አጣቢ ሆኖ። ፎቶ አዲስ አበባ የገባው በቤተ መንግሥት በር ነው፤ አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጅያን በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን፣ ልጆቹም ከእርሱ በኋላ እስከ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን የቤተ መንግሥት ፎቶ አንሺዎች ነበሩ። ከቤተ መንግሥት ወደ ፎቶ ቤት ወጣ፤ ከፎቶ ቤት ወደ መታወቂያ ወረቀት ወረደ። አጎቴ የደረሰው መታወቂያው ላይ ነው። በቀን የማያውቃቸውን የሰዎች ፊት እያጠበ ገመድ ላይ ሲያሰጣ ኖረ። ባለ ቀለም ፊልም በማሽን መታጠብ ሲጀምር እርሱም ቀይ አምፖሉን አጥፍቶ ወጣ። ዛሬ ያ ፎቶ ቤት የለም፤ ፒያሳም ራሷ በ2016 ዓ.ም. ብዙ መንደሯ ፈርሶ ሌላ መልክ ይዛለች።

የሰውን ሁሉ ፎቶ ሲያጥብ የኖረው ይህ ሰው የገዛ እኅቱን ፎቶ አጥቦ አያውቅም። እናቴ አትነሣም ነበር። «ነይ አንድ ጊዜ ላስነሣሽ» ሲላት የምትመልስለት መልስ በቤተሰባችን የታወቀ ነው። «ምን ወድቄ ነው የምታስነሣኝ?» ትለዋለች። በሠርግ ላይ ካሜራ ሲዞር ወጥ ቤት ትገባለች። ስለዚህ ስታርፍ በእጃችን የቀረው ፎቶ አንድ ብቻ ነበር፤ የቀበሌ መታወቂያዋ ላይ ያለው፣ ማኅተሙ ትከሻዋን ጨልፎ የወሰደው፣ እርሷም በሕይወቷ ሳለች «ይቺ እኔን አትመስልም» ስትል የኖረችው።

አጎቴ ከእናቴ ቀድሞ ዐርፏል። ከዕቃዎቹ መካከል ሁለት የአግፋ ሣጥን ወረቀት ተገኘ። አንደኛው ዕቃ ሲስተካከል በጠራራ ፀሐይ ተከፍቷል፤ ብርሃን ገብቶበታልና ለፎቶ ሞቷል። ሁለተኛው 24 በ30 ሳንቲ ሜትር የሆነ፣ ጥቁር ላስቲኩ ያልተፈታ ነበር። በጨለማ ውስጥ በጣቴ ስቈጥር ዐሥራ አንድ ሉክ ነው።

እንዲህ ያለው ወረቀት ዛሬ በቀላሉ አይተካም። ኮዳክ የጥቁርና ነጭ ወረቀት ማምረቱን እንደሚያቆም ያስታወቀው እ.ኤ.አ. በ2005 ነው፤ ኢልፎርድን የመሰሉ ጥቂት አምራቾች አሉ፤ ነገር ግን ወረቀቱ ባሕር ተሻግሮ እስኪመጣ ዋጋው ሌላ ይሆናል። ያረጀ ወረቀትም ቢሆን ከንቱ እንዳልሆነ ያስተማረችን አሜሪካዊቷ አሊሰን ሮሲተር ናት። ከ2007 ጀምሮ ጊዜያቸው ያለፈ ወረቀቶችን እየሰበሰበች፣ አንዳንዶቹንም ከመቶ ዓመት በኋላ፣ ያለ ካሜራ ታጥባቸዋለች፤ እርጥበት፣ ሻጋታና የጣት አሻራ በዓመታት ውስጥ የሠሩት ጥላ ብቻ ይወጣል።

መልመጃዬን የጀመርኩት በሞተው ሣጥን ነው። ብርሃን የነካው ወረቀት ለፎቶግራም አይሆንም፤ ለኬሚግራም ግን ምንም አይጎድለውም። ኬሚግራም የቤልጅጉ ተወላጅ ፒየር ኮርዲየር እ.ኤ.አ. በ1956 በፎቶ ወረቀት ላይ በጥፍር ቀለም ለአንዲት ወጣት ማስታወሻ ሲጽፍ የደረሰበት መንገድ ነው። ጨለማ አይፈልግም፤ በቀን ብርሃን፣ በረንዳ ላይ ይሠራል። ወረቀቱ መላ አካሉ ብርሃን ስላገኘ ዴቨሎፐር ውስጥ ቢገባ ሁሉም ይጠቁራል፤ ሃይፖ ውስጥ ቢቀድም ሁሉም ይነጣል። ላዩን በአንዳች ነገር ብትሸፍኑት ግን ኬሚካሉ የተሸፈነውን ቶሎ አያገኘውም። ከአንዱ ሳፋ ወደ ሌላው ስታመላልሱት፣ ሽፋኑም ከዳር እየለቀቀ ሲሄድ፣ ጥቁርና ነጭ መስመር እንደ ቀለበት ተከታትሎ ይወጣል።

እኔ የሞከርኩት ማርና ሰም ነው። ማር ቶሎ ስለሚሟሟ ምስሉ ለስላሳና ተንሸራታች ይሆናል። የሻማ ሰም ግን አይሟሟም፤ ወረቀቱን ጎንበስ ስታደርጉት ይሰነጠቃል፤ ዴቨሎፐሩም በስንጥቁ ገብቶ እንደ ደረቀ የወንዝ ጭቃ ያለ ጥቁር መረብ ይሠራል። የቅኔ ሊቃውንት «ሰምና ወርቅ» ያሉት ከአንጥረኛ ተውሰው ነው፤ በሰም የተሠራው ቅርጽ በጭቃ ይለበጣል፤ ሲሞቅ ሰሙ ቀልጦ ይወጣል፤ ወርቁም ሰሙ የነበረበትን ቦታ ይይዛል። በረንዳዬ ላይ ሰሙን በቢላ ጫፍ እየፋቅሁ ሳነሣ ከሥሩ የማገኘው ብር እንጂ ወርቅ አልነበረም፤ ሥርዐቱ ግን ያው ነው። የሚሸፍነው ሲሄድ የተሸፈነበት ቦታ ይናገራል።

ከኬሚካሉ ይልቅ የሚያስቸግረው ውኃው ነው። ሃይፖ ከወረቀቱ በደንብ ካልታጠበ ምስሉ ውሎ አድሮ ይበልዛል፤ እንደ አጎቴ ያለው ወፍራም ወረቀት ደግሞ ረጅም እጥበት ይፈልጋል። በእኛ ሰፈር ውኃ በፈረቃ ነው። ስለዚህ ሮቶው የሞላበትን ሌሊት እጠብቃለሁ፤ ቧንቧ ከፍቶ ከመልቀቅ ሳፋውን እየደፋሁ፣ በየዐሥር ደቂቃው አዲስ ውኃ እየቀየርኩ አጥባለሁ። ያገለገለውን ሃይፖ ግን ጀሪካን ውስጥ አጠራቅመዋለሁ እንጂ አልደፋውም። ከወረቀቱ ያሟሟውን ብር ይዟልና ለወንዝ ደግ አይደለም፤ ከእንጦጦ በጉለሌ በኩል የሚወርደው ጅረት ሁሉ ከተማዋን አቋርጦ አቃቂ፣ ከአቃቂም አዋሽ ይገባል።

ያልተፈታውን ሣጥን እንድከፍት ያስገደደኝ የእናቴ ሙት ዓመት መድረሱ ነው። ታላቅ እኅቴ ነጠላዋ ለነዳያን እንዲሰጥ ትፈልግ ነበር። «ሣጥን ውስጥ የሚያረጅ ልብስ ለነፍስ አይሆንም» አለች፤ ልክ ናት። እኔ ደግሞ ያን ነጠላ እርሷ ከለበሰችው ጀምሮ አላጠብኩትም፤ የዕጣኑና የቅቤው ሽታ ከነክሩ ነበረ። እንዳይሰጥ ብዬ ለመከራከር አፍ አልነበረኝም። እንዲህ ያለ ነገር ሰው ለብሶት ሲሞቅበት ነው የሚያምረው። የቀረኝ ሦስት ሳምንትና ዐሥራ አንድ ሉክ ወረቀት ነበር።

ነጠላ ሰፊ ነው፤ ወረቀቱ ጠባብ። የቱን ክፍል ልውሰድ? ካሜራ ቢሆን ራቅ ብሎ ሁሉንም ያስገባው ነበር። ፎቶግራም ግን መራቅን አያውቅም። ነገሩ ወረቀቱ ላይ መተኛት አለበት፤ መጠኑም አይቀነስም፣ አይጨመርም። አንድ ጣት የሚያህለው አንድ ጣት ያህላል። ዘወር ዘወር እያልኩ ነጠላውን አልጋው ላይ ዘርግቼ አየሁት፤ መጀመሪያ የመረጥኩት ጫፉን ነው። እናቴ ገንዘብ የምትቋጥርበትን ጫፍ።

የሰርቪስ ቤቱን መስኮት በብርድ ልብስ ሸፈንኩ፤ የአጎቴን ቀይ አምፖል ሰቀልኩ። ነጠላውን ወረቀቱ ላይ ዘርግቼ የመስኮት መስታወት ጫንኩበት፤ ከላይ ያለውን ተራ አምፖል ሦስት ሰከንድ አብርቼ አጠፋሁ። ዕድሜ ወረቀቱን ጭጋግ አልብሶት ስለነበር፣ አጎቴ ያደርግ እንደነበረው ዴቨሎፐሩ ላይ ጥቂት ፖታሲየም ብሮማይድ ጨመርኩ። ወረቀቱን ሳፋው ውስጥ አስገብቼ ሳናውጠው ጥቁሩ በክሮቹ መካከል ነጠብጣብ እየሆነ መጣ፤ ቀጥሎ ድሩ ታየ፤ ቀጥሎ ማጉ።

ነጩ ነጠላ በጥቁር ላይ ነጭ ሆኖ ወጣ። ባለ ቀለሙ ጥለት ግን ያልጠበቅሁትን አደረገ። ክሩ ወፍራምና ጥቅጥቅ ያለ ስለሆነ ብርሃኑን ጨርሶ ከለከለ፤ ስለዚህ በዐይን ሲያዩት ቀይና አረንጓዴ የነበረው ጥለት በወረቀቱ ላይ ከሁሉ የነጣው ሆነ። በሐዘን ቀን ጥለቱ ከእግር ወደ አንገት ይዞራል፤ እዚህ ደግሞ ቀለሙ ራሱ ዞሮ ነጭ ሆኖ አገኘሁት።

ወረቀቶቹን ሲደርቁ ሽሮ ሜዳ ላሉ አንድ ሽማግሌ ሸማኔ አሳየኋቸው። መነጽራቸውን አድርገው ረጅም ጊዜ ዝም አሉ።

«ይህን ሸማ ማን ፈተለው?» አሉኝ በመጨረሻ።

«እናቴ ናት፣ ጋሼ። ጥጡን ገዝታ ማታ ማታ በእንዝርት ትፈትል ነበር።»

«እጇ ጥሩ ነው። እዚህ ጋ ግን ደክሟታል፤ ወይ መብራት ጠፍቶባታል» አሉና ጥቂት ክሮች አሳዩኝ። ከሌሎቹ ወፈር ብለው፣ ተንቀርፍፈው፣ እንደገና ሲቀጥኑ ይታያል። ቀጥለው ጣታቸውን ወደ ጫፉ ወሰዱ። እዚያ ድሩና ማጉ ቀጥ ብሎ አይሄድም፤ ሁሉም ወደ አንድ ነጥብ ተስቦ እንደ ሸረሪት ድር ተኮማትሯል። «ይህ ቋጠሮ የለመደ ጫፍ ነው። ብዙ ዘመን ገንዘብ ታስሮበታል፤ ቢፈታም አይፈታም።»

በሌላው ሉክ ላይ ደግሞ ከመካከል አንዲት የአውራ ጣት ጥፍር የምታህል ነጭ ቦታ ነበረች። እኔ የወረቀቱ ጉድለት መስላኝ ነበር። «አይደለም፤ ተሰፍቶ ነው» አሉ። «እሳት ነክቶት በመርፌ ድርና ማግ እያስመሰለች ደፍናዋለች።» ቤት ገብቼ ነጠላውን ስፈልግ ቦታውን በዐይኔ ማግኘት አልቻልኩም፤ ነጭ በነጭ ላይ ነው። ያገኘሁት ወደ መስኮቱ አንሥቼ በብርሃን ሳየው ነው። የቡና ፍም ፈንጥቆባት ይሆናል። እንዳይታይ አድርጋ ሰፍታው፣ ሳይታይላትም ኖራለች።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ስለ ፎቶ ያለኝ አሳብ ተለውጧል። ካሜራ ከነገሩ ላይ የተመለሰውን ብርሃን ይቀበላል፤ ስለዚህ የሚያሳየን ገጽን ነው። እናቴም የሸሸችው ይህንኑ ይመስለኛል፤ ፊቷ ለብቻው ተነጥሎ እርሷ ነው መባሉን። ያለ ካሜራ የሚሠራው ፎቶ ግን የሚቀበለው ነገሩ ያለፈውንና የከለከለውን ብርሃን ነው። መልክ የለውም። ያለው መንካት ነው፤ ነገሩ እዚህ ነበረ፣ ይህን ያህል ነበረ፣ እዚህ ጋ ጠብቆ እዚህ ጋ ላልቶ ነበረ የሚል ምስክርነት። በመታወቂያው ፎቶ ላይ እናቴን የማያውቅ ሰው ሴት ያያል። በነጠላው ወረቀት ላይ ግን ፈትላ ያመሸችበት ሌሊት፣ የደፈነችው ቀዳዳ፣ የቋጠረችው ገንዘብ አለ። ሳትነሣ ቀረች፤ የእጇ ሥራ ግን ታጠበ።

ነጠላው በሙት ዓመቷ ማግስት ታጥቦ ተሰጠ። ሽታውን ወረቀት አልያዘውም፤ እርሱ ሄዷል። ከዐሥራ አንዱ ሉክ ሰባቱ ወጡልኝ፤ ሁለቱ ጭጋጉ በልጧቸው ጠፉ፤ ሁለቱን አልነካኋቸውም።

እኅቴ መጀመሪያ ስታያቸው «ይህ ደግሞ ምኑ ፎቶ ነው? እሷ የታለች?» አለች። መልስ አልሰጠኋትም፤ የጫፉን ወረቀት እጇ ላይ አኖርኩላት። ጥቂት ቆይታ ጣቷን በቋጠሮው ቦታ ላይ አሳረፈች። «የደብተር ገንዘብ ከዚህ ነበር የምትፈታልኝ» አለች። «በጥርሷ ነበር የምትፈታው።» ያን ወረቀት ለእርሷ ሰጠኋት። ካሜራ ቢሆን ኔጌቲቩ ስለሚቀር ለእኔም አንድ ይታጠብልኝ ነበር፤ ፎቶግራም ግን አንድ ነው፣ ቅጂ የለውም። ለእኔ የተደፈነው ቀዳዳ ደረሰኝ፤ ለእርሷ ቋጠሮው። ይህ አከፋፈል ልክ መስሎ ይታየኛል።

እንግዲህ ወዳጆቼ፣ ከወላጆቻችሁ ወይም ከድሮ ፎቶ ቤት የተረፈ የፎቶ ወረቀት በቤታችሁ ካለ አትጣሉት። ያልተፈታ ከሆነ በብርሃን አትክፈቱት፤ ቀን ጠብቁለት። ተከፍቶ ከሆነም ማርና ሰም አያጣም። ሃይፖውን ወደ ወንዝ አትድፉ። የምታኖሩበትንም ነገር ሩቅ አትፈልጉ፤ ከልብስ ሣጥኑ ታች የተጣጠፈውን አውጥታችሁ አስቀድማችሁ ወደ መስኮቱ አንሡትና በብርሃን እዩት።